ቀለም አልይዝ ያለችው ጀልባ

አንድ ሽማግሌ «ቀለም አውቃለሁ» ቢላችሁ አትመኑት። ዳመነ አምኖኝ ነው ጉድ የሆነው።

ለነገሩ ዳመነ ቢያምነኝ አይፈረድበትም። ወንጂ ሸንኮራ ስንቆርጥ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት አብረን ያደርን ሰዎች ነን። እሱ ሸንኮራው መረረውና ወደ አባቶቹ ሐይቅ፣ ወደ ዝዋይ ተመለሰ። አሁን ከተማው ባቱ ነው የሚባለው፤ እኔ ግን አፌ የለመደውን ነው የምጠራው። ናዝሬትን አዳማ ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ልጆቼን ጠይቁ። እኔ ደግሞ ከቆረጣው ወደ ቀለም ቅብ ተዛወርኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራተኛ ቤት በር፣ የውሃ ታንከር፣ የድልድይ ብረት ስቀባ ኖርኩ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ በሰፈሬ የእኔ ቡሩሽ ያላረፈበት የውጭ በር የለም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እስከ «ሸ» ደርሼ ሸሸሁ። ኋላ ልጆቼ ሲያጠኑ ከጎናቸው ተቀምጬ የቀረውን ለቃቀምኩት። ጣሳ ላይ የተጻፈ የፈረንጅ ፊደል ግን ለእኔ ጌጥ ነው። ቀለም በጣቴ ነካ አድርጌ፣ አሽትቼ አውቃለሁ። አውቃለሁ እል ነበር ማለቴ ነው።

ዳመነ ሰው የሚያሻግርባት የፋይበር ግላስ ጀልባ አለችው። ላንጋኖ አካባቢ አንድ መዝናኛ የጣላትን አሮጌ ገዝቶ ካመጣት አሥር ዓመት አልፏታል። የዝዋይ ፀሐይ ደግሞ ማንንም አታፍርም፤ የጀልባዋን ቆዳ በላችው። መጀመሪያ ቀለሟ እንደ ዱቄት እጅ ላይ የሚቀር ሆነ። ቀጥሎ ዱቄቱም አለቀና ፀጉሩ ወጣ። ፋይበር ግላስ ማለት ብርጭቆ እንደ ጥጥ ተፈትሎ፣ ሙጫ ውስጥ ተነክሮ የደረቀ ነገር ነው። ላዩ ያለው ሙጫ ሲያልቅ የብርጭቆው ፀጉር ቀና ይላል። በዓይን አይታይም፤ በመቀመጫ ግን ይታወቃል። ከቱሉ ጉዶ፣ ከዳመነ ቤተሰቦች ደሴት፣ ተነስቶ በዳመነ ጀልባ ከተማ የወረደ ሰው በአካሄዱ ይለያል። ገበያ መሃል ቆም ይልና ግራ ቀኝ ይገላምጣል፤ የሚያየው የሌለ ሲመስለው ያካል። መነኩሴ እንኳ አይቀርም፤ መነኩሴው የሚለየው በቀሚሱ ስፋት ተከልሎ ማከኩ ብቻ ነው።

እንዲህ ሲኖሩ የዳመነ ልጅ ማርታ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ሆነ። የደሴት ልጅ ስትዳር በጀልባ ነው የምትሸኘው። አባቷ ጀልባ ካለው ደግሞ ሌላ ሰው አያሻግራትም፤ ነውር ነው። ማርታ ግን ከተማ የተማረች፣ እንደ አባቷ እቅጩን የምትናገር ልጅ ናት።

«አባዬ» አለችው፣ «በቬሎ ተቀምጬ፣ የሙሽራው ዘመድ በሙሉ ቆሞ እያየኝ፣ እኔ ልታከክ ነው? እኔ በቶሎሳ ጀልባ ነው የምሻገረው።»

ቶሎሳ የዳመነ ተፎካካሪ ነው። ጀልባው ለስላሳ ናት፣ ጣራ አላት፣ ዘፈን ትዘፍናለች። ዳመነ ደውሎ «ወንድሜ፣ ልጄን ቶሎሳ ሊያሻግርብኝ ነው» አለኝና ዝም አለ። አርባ ዓመት ሳውቀው ስልክ ላይ ዝም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔስ ዝም አልኩ? የት አባቴ! «ቀለም ነው እኮ! ምን ያስጨንቅሃል? በሦስት ቀን ሙሽራዋን የምታስንቅ ጀልባ አደርግልሃለሁ» አልኩት። ሰርጉ ሊደርስ ከሦስት ሳምንት ትንሽ አለፍ ያለ ቀን ነበረው።

በነጋታው ሦስት ጣሳ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ይዤ ዝዋይ ወረድኩ። አረንጓዴ የመረጥኩት ሐይቅ ላይ ያምራል ብዬ አይደለም፤ ከጎረቤት በር ተርፎኝ ነው። ጀልባዋን ከውሃ አውጥተን አሸዋ ላይ ደፋናት። ቀለሙ ወፍሮ ነበርና ቤንዚን ጨመርኩበት።

«ምን ያህል ነው የሚጨመረው?» አለኝ ዳመነ።

«እስኪበቃው።»

«መቼ ነው የሚበቃው?»

«ሲበቃው ያስታውቃል» አልኩት። እንዲህ ዓይነት መልስ የሚሰጥ ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ።

እኩለ ቀን ላይ ስጀምር ቡሩሹ ከጀልባዋ ጋር ግብ ግብ ገጠመ። ፀሐዩ ቀለሙን ገና ሳላሰራጨው ያደርቀዋል። «በቃ፣ ሲበርድ እንጨርሰዋለን» ብዬ ጥላ ስር ጋደም አልኩ። አመሻሹ ላይ እውነትም በረደ፤ ቡሩሹም እንደ ቅቤ ሄደልኝ። እኔ የናዝሬት ሰው ሐይቁ በምሽት ምን እንደሚወልድ በምን ልወቅ? የማይናከስ ትንኝ ነው። ነገር ግን ሲነሳ እንደ ጭስ ነው፤ ብልጭ ያለ ነገር ሲያይ ደግሞ አያልፍም። የእኔ ቀለም ብልጭ እያለ ነበር። ሲነጋ ጀልባዋ ጢም አብቅላ ተገኘች።

ዳመነ ሁለት ጊዜ ዞራትና «ወንድሜ» አለኝ፣ «ፀጉሩን አጥፋልኝ ነበር ያልኩህ።»

«ውሃ ሲነካው ይለቃል» አልኩት፤ ስለ ትንኙ ማለቴ ነበር። ለቀቀም። ትንኙ ግን ብቻውን አልሄደም። ሁለት ቀን አድርቀን ውሃ ላይ ባወጣናት ዕለት አረንጓዴው ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ከኋላችን ተንሳፈፈ። ቶሎሳ በዚያው ሲያልፍ ሞተሩን ቀነስ አደረገ።

«ጋሽ ዳመነ! እቺ ጀልባ እባብ ናት እንዴ? ቆዳዋን ስታወልቅ አየኋት!»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ዳመነ ቢሰድበኝ እፎይ ባልኩ። እሱ ግን እጁን ውሃ ውስጥ ሰዶ አንዱን ልጣጭ አወጣና «ሁለት ሳምንት ከምናምን አለን» አለኝ። ልጣጩን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። ለምን እንደከተትኩት አላውቅም። ሰው ጥፋቱን ኪሱ ይዞ ሲዞር ትንሽ የሚቀለው መስሎኝ ይሆናል።

ናዝሬት ተመለስኩ። ጋራዥ ያላቸውን ሰዎች ስጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ዘይነባ ጋ ሂድ» አሉኝ። ዘይነባ የመኪና ቀለም የምትሸጥ፣ የምትቀምም ሴት ናት፤ አርባ ቢሞላት ነው። ሱቋ ጠባብ ነው፤ ጣሳው እስከ ጣራ ተደርድሯል። ጥቁር አባያ ለብሳለች፤ እጅጌዋ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም የለችም። ይህን ሳይ ጠረጠርኩ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስቀባ ንጹሕ ሸሚዝ ኖሮኝ አያውቅም። ንጹሕ ሰው ቀለም አያውቅም ብዬ ደመደምኩ።

«ባለቤትሽ የለም?» አልኳት።

«አለ አባባ፤ ቤት ልጆች እየጠበቀ ነው። ምን ልስጥዎት?»

«ጠንከር ያለ ቀለም። ለጀልባ።»

«ጀልባው ብረት ነው? እንጨት?»

«ፋይበር ነው።»

«ከዚህ በፊት ምን ተቀብቷል?»

ከአፌ ይልቅ ኪሴ ፈጠነ፤ ልጣጩን አውጥቼ ሰጠኋት። ወደ ብርሃኑ ያዘችው፣ አጠፍ አደረገችው፣ አሸተተችው።

«የበር ቀለም ነው» አለች። «በቤንዚን ቀጥኗል። ሳይታጠብና በብርጭቆ ወረቀት ሳይታሽ ነው የተቀባው። በፀሐይ ተጀምሮ ሲመሽ አልቋል።» ጠጋ አድርጋ ደግማ አየችው። «ይሄ ደግሞ ትንኝ ነው?»

«እዚያ ነበርሽ እንዴ?» አልኳት።

አልሳቀችብኝም፤ ይህን እወቁልኝ። በርጩማ ስባ አስቀመጠችኝና «እርሻ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«የገበሬ ልጅ ነኝ።»

«ያልታረሰ መሬት ላይ ዘር ቢበትኑ ምን ይሆናል?»

«ወፍ ይለቅመዋል።»

«የእርስዎንም ሐይቁ ለቀመው። እንጨት ቀለም ይጠጣል። ብረትም ቢሆን ሻካራ ነገር አያጣውም። ፋይበር ግን እንደ ብርጭቆ ነው፤ ካላረሱለት ቀለሙ ዝም ብሎ ይደገፍበታል እንጂ አይይዘውም። ያውም የዓሣ ቅባት የጠገበ ጀልባ!»

ልብ በሉ፤ ሠላሳ ዓመት ስቀባ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ የለም። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ እናቴም ስትወልደኝ በእግሬ ነው የመጣሁት ይላሉ። «ግድ የለም፣ የመኪናውን ቀለም፣ ናይትሮውን ስጪኝ። እሱ ይነክሳል» አልኳት።

ዘይነባ አልተከራከረችም። ከአንድ ጠርሙስ የናይትሮ ማቅጠኛ፣ ቲነር ከሚሉት፣ አንዲት ጠብታ ልጣጩ ላይ ጣል አደረገችና ከፊቴ አኖረችው። አረንጓዴው ቀለም እያየሁት ተጨማተረ፤ ሲያበቃ የእኔን ፊት መሰለ።

«የተረፈው አረንጓዴ ላይ ይህን ቢደርቡ ጀልባው በሙሉ እንዲህ ነው የሚሆነው» አለች። «አረንጓዴው አንድም ሳይቀር ይነሳል። በሳሙና ይታጠባል። ውሃ እያስነኩ በወረቀት ያሹታል፤ ብናኙ ብርጭቆ ነውና እጅጌ ረጅም ይልበሱ። ከዚያ ይሄን ፕራይመር፣ ቀለሙን የሚያስይዘውን፣ ይቀባሉ። ከቀለሙ በፊት ግን ተመልሰው ይምጡ፤ ሲመጡ የሐይቁን ውሃ በጠርሙስ ይዘውልኝ ይምጡ።»

«ለምን?»

«ሲመጡ ያዩታል።»

ቀጥሎ ያየሁትን ነው እስከ ዛሬ ለሰው ስነግር የምኖረው። ፕራይመሩ ወፍራም ነውና መቅጠን አለበት። እኔ «እስኪበቃው» የምለውን ነገር ዘይነባ የምታውቀው በቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። የጣሳው ቂጥ በምስማር ተበስቷል። ቀለሙ ውስጥ ሙሉ ትነክረዋለች፣ ብድግ ታደርገዋለች፤ ቀለሙ በቀዳዳው እንደ ክር ይወርዳል። በሌላ እጇ ተስቢህዋን፣ የእኛ መነኮሳት መቁጠሪያ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው፣ ቀስ እያለች፣ ፈጣሪዋን እያመሰገነች አንድ በአንድ ትቆጥራለች። ክሩ ተበጥሶ ጠብ፣ ጠብ ማለት ሲጀምር የደረሰችበትን ፍሬ ታያለች። በመርጫ ለሚረጭ ቀለም አሥራ ስድስተኛዋ ፍሬ፤ በቡሩሽ ለሚቀባ ሃያ ስምንተኛዋ። ካለፈ ወፍሯል፤ ቲነር ይጨመራል። ካነሰ ቀጥኗል።

«ለዚህ የተሠራ ከውጭ የሚመጣ መለኪያ ነበረን» አለችኝ። «ጠፋብን። ተስቢሄ ግን ሁልጊዜ እጄ ላይ ናት።»

«እኔ እኮ መቁጠሪያ የለኝም።»

«ጸሎት አያውቁም?»

«አባታችን ሆይ አውቃለሁ እንጂ!»

«ይበሉታ።»

ጣሳውን ነከረች፣ አነሳች፤ እኔም ቆሜ ጀመርኩ። ለካ እኔ በሕይወቴ የምጸልየው ታክሲ እንደሚያመልጠው ሰው ነው፤ ቀለሙ ገና ሲወርድ እኔ «አሜን» ብያለሁ።

«ምነው አባባ?» አለችኝ ዘይነባ፤ «ፈጣሪ ጥሎዎት የሚሄድ መሰለዎት?»

በር ላይ የቆሙ ሁለት ሾፌሮች ሳቁ። ሁለተኛ ነከረች። አሁን ረጋ ብዬ፣ ቃሉን እያኘኩ፣ እሷ ደግሞ ፍሬዋን እየቆጠረች፣ ሁለታችን አንዲት የቀለም ክር ላይ አፍጥጠን ጸለይን። ከሾፌሮቹ አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ። «በደላችንን ይቅር በለን» ስል ክሩ ተበጠሰ፤ እሷም «ሃያ ስምንት» አለች።

«ልክዎ ይሄ ነው» አለችኝ። «እዚህ ቃል ላይ ጠብ ካለልዎት ይቀቡ።»

ከዚያ ሱቅ ስወጣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ብያታለሁ። ልጄ የምትሆን ሴት አንቱ እንዳልኩ የገባኝ ሞጆ ስደርስ ነው። አልጸጸተኝም።

ዝዋይ ስደርስ ለዳመነ ሁሉን ነገርኩት፤ እጅጌ ረጅም ልበስ ያለችኝን ብቻ ረሳሁ። ረሳሁ ስል ዋሸሁ፤ ሞቀኝና ተውኩት። አራት ቀን አረንጓዴውን ስንልጥ፣ ስናጥብ፣ በወረቀት ስናሽ ከረምን። የብርጭቆው ብናኝ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ሌሊትም ቀንም አሳከከኝ። በጀልባዋ ሳልቀመጥ የጀልባዋን እከክ የወረስኩ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ጀልባዋ ግን እንደ ሕፃን ጉንጭ ለሰለሰች፤ ግን ልስላሴዋ የታረሰ መሬት ልስላሴ ነው፣ ጣት ያዝ ያደርጋል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ መጣሁ። ፕራይመሩ ከማጠንከሪያው ጋር ነው የሚደባለቀው። ዘይነባ «ከተደባለቀ በኋላ ሰዓቱ አጭር ነው፤ በሙቀት ደግሞ ይብሳል፤ ጣሳ ውስጥ ይደርቅብዎታል» ብላኛለች። ሰማኋት። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ግማሹን አደባልቄ የጀልባዋን አንድ ጎን ቀባሁ። ጣሳው፣ ጸሎቱ፣ ክሩ፣ ሁሉም ልክ እንደተባለው ሆነ። ልቤ አበጠ። የቀረውንም ደባለቅሁና ቡሩሹን ነክሬ ቀና ስል ኦቦ ጉታ መጡ።

ኦቦ ጉታ የሙሽራው ታላቅ አጎት ናቸው፤ ከአዳሚ ቱሉ በኩል፣ ከብታቸው ብዙ፣ በሽምግልና የተከበሩ ሰው። ለሰርጉ ነገር ዳመነን ሊያዩት ነው የመጡት። ዱላቸውን አሸዋው ላይ ተክለው ሰላምታ ጀመሩ።

«አካም ጂርቱ? ነጋዳ? ፈያዳ?»

«ነጋዳ» አልናቸው፤ እኛም መልሰን ጠየቅናቸው። ልጆቹ ደህና ናቸው? ደህና። ከብቱ? ደህና። ዝናቡ? ትንሽ ነው፣ ግን ይመስገን። ጎረቤት? ደህና። ያቺ ታማ የነበረችው? ተሻላት። በመሃል በዓይኔ ጣሳውን አያለሁ። ግን እናንተው ፍረዱ! የሙሽራ አጎት ከብቱን እየጠየቀ «ቆይ ቀለሜ ሊደርቅ ነው» ይባላል? ሰርጉ በዚያው ይፈርሳል። ቀስ ብዬ ወደ ጣሳው አንድ እርምጃ ስሄድ ኦቦ ጉታ ወደ እኔ ዞሩና «የናዝሬት ሰውስ? ናዝሬት ሰላም ነው?» አሉኝ። ናዝሬትን ሰፈር በሰፈር ጠየቁኝ። ከሰላምታው ስወጣ ቡሩሹን አነሳሁ፤ ጣሳው አብሮ ተነሳ። አወዛወዝኩት፣ አብሮ ተወዛወዘ።

ኦቦ ጉታ ጣሳውንና እኔን አዩ። «ጉድ ነው!» አሉ፤ «ጀልባዋን ሳይዝ ቡሩሹን የሚይዝ ቀለም!»

ዳመነ ከሄዱ በኋላ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። «አሥር ቀን ነው የቀረን» አለ። «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለቶሎሳ ልንገረው?» ሲጠይቀኝ አላየኝም፤ ሐይቁን ነው ያየው። የአባት አንገት ሲሰበር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ድምፅ የለውም። «ነገ ማታ እመለሳለሁ» አልኩትና ጣሳውን ከነቡሩሹ፣ የሐይቁንም ውሃ በጠርሙስ ይዤ ተሳፈርኩ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ቢለኝ «ሰላምታ ነው» አልኩት።

ዘይነባ ጣሳውን አየችና «ማን መጣብዎት?» አለችኝ። «ምን ሆነ» አላለችም፣ «ማን መጣብዎት» ነው ያለችው!

«የሙሽራው አጎት።»

«አይ፣ እሱስ አይቋረጥም» አለች። ሌላ ፕራይመር አወረደችልኝ። «አሁን በቡና ስኒ እየለኩ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚደባልቁት። ስኒ ቢደርቅ ስኒ ነው። ደግሞ ይሄን ማስክ ያድርጉ። ለሽታው ጥሩ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ አፉ የታሰረ ሰው ሰላምታ ባይመልስ ማንም አይቀየመውም። እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ይበሉና ሥራዎን ይቀጥሉ።»

ይህን ብልሃት የትኛው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል?

ቀጥሎ ቀለም መረጣ ሆነ። እኔ አሁንም አረንጓዴ አልኩ፤ ዳመነ ሰማያዊ፣ ሚስቱ ለሰርጉ ነጭ ብለው ልከውኛል። ዘይነባ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አቆመችና «ይህ ጀልባ ቢገለበጥ ማን ነው የሚያየው?» አለችኝ።

አርባ ዓመት ዳመነን ሳውቀው ይህን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

የቀለም ናሙናዎቿን አንድ በአንድ ከጠርሙሱ ኋላ ያዘቻቸው። የዝዋይ ውሃ ጭቃ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው፤ የእኔ አረንጓዴ ገባና ጠፋ። ሰማያዊው ጠቆረና ጠፋ። «ነጩ ነፋስ ሲነሳ አረፋ ይመስላል» አለች። ግራጫውን ስትይዝ «ይሄ ጉማሬ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪ መሆን ጀምሬ ነበር። በመጨረሻ ብርቱካንማውን ያዘች፤ ከጠርሙሱ ኋላ እንደ መብራት በራ። «ለውጪው ይሄ። ለውስጡ ክሬም፤ ነጭ ከሆነ የፀሐዩ ነጸብራቅ ነጂውን ያሳውረዋል፤ ጠቆር ካለ ደግሞ ሙሽራዋ ስትቀመጥ እከኩ ቀርቶ ቃጠሎ ይተካል።»

በስኒ እየደባለቅሁ፣ አፌን አስሬ፣ በየጠዋቱ ከነፋሱ በፊት ቀባሁ። መጀመሪያ ፕራይመሩን፣ ቀጥሎ ውጪውን ብርቱካን፣ ውስጡን ክሬም፣ ስስ ስስ አድርጌ ሁለት ጊዜ። ሰው ሁሉ መጣ፤ ለሁሉም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። «ይህ የናዝሬት ሰውዬ እንዴት ትሑት ነው!» ተባልኩ። በዕድሜዬ ይህን ቃል የሰማሁት ያን ሳምንት ነው። የመጨረሻው ቅብ ሰኞ አለቀ፤ ሰርጉ እሁድ ነው። ዘይነባ በስልክ «ሲነኩት መድረቁ በሰለ ማለት አይደለም፤ ድንች ላዩ ስለሞቀ ይበላል? እስከ ቅዳሜ ውሃ እንዳያይ» አለች። ዳመነ ዱላ ይዞ ከፍየልና ከአክስቶች ጠበቃት። ነገር ግን አፍንጫዋ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ የማን እንደሆነ ዳመነ ሲጠየቅ ወደ ሐይቁ ይመለከታል።

እሁድ ጠዋት ዘይነባን ጠርተናት መጣች፤ ሙሽራዋን ልናመጣ ወደ ደሴቱ አብረን ሄድን። ደሴቱ ዳር የማርታ አክስቶች ቆመዋል። ከጎናቸው የቶሎሳ ጀልባ በአበባ አጊጣ ትጠብቃለች፤ ማርታ ገና አልቆረጠችም ነበርና። አክስቶቹ ብርቱካኗን ጀልባ አይተው «ታምራለች» አሉ፤ ግን ከፊታቸው ላይ የድሮው እከክ ትዝታ አልጠፋም።

ዘይነባ ከመውረዷ በፊት ያደረገችውን ልንገራችሁ። ያ ጥቁር አባያዋ የብርጭቆ ፀጉርም ሆነ የቀለም ብናኝ ቢነካው ከሩቅ ያስታውቃል። መንገዱን ሁሉ ለሙሽራዋ በተዘጋጀው መቀመጫ ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው። አሁን እዚያው ግራ ቀኝ ተሻሸችበት፣ ተነሳች፣ ወረደችና ለአክስቶቹ ጀርባዋን አዞረች።

«እዩት» አለች።

አክስቶቹ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዷ በእጇ ዳሰሰች። ጥቁሩ አባያ ከሱቅ እንደወጣ ነው፤ ምንም የለበትም። እሷም አላከከችም፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ቢጠብቃትም አላከከችም። ማርታ ቬሎዋን ሰብስባ በሰዎቹ መሃል መጣችና አባቷ ጀልባ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ዳመነ ሞተሩን አስነሳ። ቶሎሳም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሚዜዎቹን ጭኖ ተከተለን፣ ዘፈኑንም ለእኛ ከፈተልን። አጠገባችን ሲደርስ «ጋሼ፣ የእኔንስ መቼ ይቀቡልኛል?» አለኝ። ወደ ዘይነባ ጠቆምኩት፤ «እኔ ቡሩሽ ያዢ ነኝ፤ ባለሙያዋ እሷ ናት» አልኩት። ይህን የሚያህል ቃል ከአፌ ወጥቶ ጥርሴም አልወለቀም።

መሃል ሐይቅ ላይ ነፋስ ቀስ ብሎ ተነሳ። ውሃው የብርቱካኑን ጎን እየመታ እንደ ዶቃ ይንከባለል ጀመር። ዳመነ ሞተሩን ይዞ ከኋላ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊት ማየት ትቶ አንገቱን በጎን አስግጎ የጀልባዋን ቆዳ ያያል። ከመንገድ ወጥተን ወደ ሸምበቆው እየሄድን ነበር።

«አባዬ!» አለች ማርታ፣ «ዛሬ የምትድረው እኔን ነው ወይስ ጀልባዋን?»

ዳመነ ጀልባዋን ከሸምበቆው መለሳት።

«አንቺንስ ድሬሻለሁ» አላት። «እሷን ግን ማንም ሽማግሌ ቢልክ አልሰጥም።»